የፎቶግራፍ መኪናችንን ለማን አደራ እንስጥ?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ፣ ስለ ልብስ አጠባበቅና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ለጊዜው ሲያዩት ከቤተ ሰብ ጉዳይ የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም የቆየ የፎቶግራፍ መኪና፣ በዛሬው አነጋገር የፊልም ካሜራ፣ ሲበላሽ ለየትኛው ባለ እጅ መስጠት እንደሚገባ ነው። ነገሩ ከቤተ ሰብ የራቀ አለመሆኑን ግን የእናቱን ቁም ሣጥን የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጋቢውና ከነጠላው በታች፣ ከጋብቻው ወረቀትና ከቤቱ ካርታ አጠገብ፣ የአባት ወይም የአያት ካሜራ በቆዳ ማኅደሩ እንደ ተቀመጠ ይገኛል። አይሸጥም፤ አይሠራም፤ አይጣልም።

በዘመናችን ሰው ሁሉ በኪሱ በያዘው ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ከቻለ ወዲህ እነዚህ መኪናዎች ተረስተው ነበር። አሁን ግን አያሌ ወጣቶች ከቁም ሣጥኑ እያወጡ እንደ ገና ሊሠሩባቸው ይፈልጋሉ። በዚህም ምክንያት «ማን ይሠራልኛል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ዕቃው በአዲስ ሊተካ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሚሠራቸው ፋብሪካ የለም፤ መለዋወጫ የሚገኘውም ከሌላ አሮጌ መኪና ተነቅሎ ነው። ስለዚህ ለባለ እጅ ስንሰጥ ዕቃ ለጥገና መስጠታችን ብቻ አይደለም፤ አደራ ማኖራችን ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮችን ከነመኪናቸው አስከትሎ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በኋላም በአፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከርሱም ቀጥሎ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም የአባታቸውን ሙያ ያዙ። በዚያን ጊዜ መኪናው በባለሙያው ቤት እንጂ በቤተ ሰብ ቤት አልነበረም፤ ሲበላሽም የሚያስበው ባለሙያው ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሽ ካሜራ ግን፣ የጀርመኑ ላይካ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከወጣ ወዲህ፣ በዓለም ሁሉ ወደ ቤተ ሰብ እየገባ ሄደ። ሶቪየቶችም ላይካውን እያዩ ፌድና ዞርኪ የተባሉትን ሠሩ፤ በዞርኪው ውስጥ መስተዋት አግብተው ደግሞ ዜኒት የተባለውን አወጡ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተመልሰዋልና፣ ከመጽሐፋቸውና ከወፍራም ካፖርታቸው ጋር ዜኒት ይዞ የመጣ ሰው በየሰፈሩ ይታወቃል።

የኛም ቤት ካሜራ ዜኒት ነው። አባቴ ከሞስኮ ከተመለሰ ጓደኛው ገዝቶ በ1972 ዓ.ም. ወደ ቤታችን አመጣው። ቤታችን የነበረው በልደታ ነው፤ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ ካይሮ ከተነሣበት ሜዳ የማይርቅ ሰፈር ነበር። አባቴ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ስለ ነበረ ልማዱን ወደ ካሜራው አዛወረው። ለያንዳንዱ ፊልም በትንሽ ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተነሣውን ነገር ይጽፍ ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር፤ አሁን አልስቅም።

በደብተሩ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ የግንቦት 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የግንቦት ልደታ በሰፈር የሚከበር በዓል ነው። ንፍሮው ከቤት ውጭ ይቀቀላል፤ ቡናው በደጅ ይፈላል፤ የተኳረፈም ቢኖር በዚያ ቀን አብሮ ይቀመጣል። አባቴ ከቁጥር 14 እስከ ቁጥር 22 ድረስ ያን ቀን የተነሡትን ጽፏል። ከነዚያም መካከል «19፤ ባለቤቴ ቡና ስትቀዳ»፣ «20፤ ሽማግሌዎች ሲመርቁ»፣ «22፤ ጎረቤቶች ሁሉ በአንድነት» የሚሉ ይገኛሉ። ከ22 በኋላ የፊልሙ መጠቅለያ እጀታ ተያዘና አልንቀሳቀስ አለ። አባቴም «ከበዓሉ በኋላ አሳያለሁ» ብሎ በማኅደሩ ከተተው፤ በዚያው ክረምት ግን ዐረፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ ጎረቤቱም በያቅጣጫው ተበተነ። እናቴ ወደ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ በእጅዋ የያዘችው ያን ካሜራ ነው። የዚያ ደጅ፣ የዚያ ዛፍና የነዚያ ሰዎች ሥዕል ያለው በውስጡ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት «እኔ ሳልሞት አሳየኝ» አለችኝ።

እኔም ሳልጠይቅና ሳልመረምር በከተማው መካከል ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ይዤው ሄድሁ። ሱቁ ያማረ ነው፤ በመስኮቱ ላይ ብዙ ካሜራ ተደርድሯል። ወጣቱ ሠራተኛ «ይቺማ ቀላል ናት፣ ጋሼ፤ አምስት ደቂቃ» አለኝና፣ እኔ ነገሩን ማስረዳት ሳልጀምር፣ በቀትር ብርሃን የኋላ ክዳኑን ከፈተው። ፊልሙን ሲያይ ዘጋው። «ምንም አይደለም» አለ። እኔ ግን የሆነውን ዐውቄ ነበር። ጥቂት ነካክቶም እጀታው እንደማይሠራ፣ መኪናውም ለጥገና እንደማይበቃ ነገረኝና፣ «ለመለዋወጫ ከፈለጉ እኔ እገዛዎታለሁ» ብሎ አነስተኛ ዋጋ ጠራልኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት በዚህ ዜኒት ፊት ያለው ሄልዮስ የተባለው ሌንስ ከበስተኋላ ያለውን ነገር አዙሮ ስለሚያሳይ፣ ዛሬ በውጭ አገር ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይፈልጉታል። ወጣቱ ይህን ያወቀ ይሁን ያላወቀ አልፈርድም። መኪናውን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት ለእናቴ አልነገርኳትም። ይልቁንም አሮጌ ካሜራ ያላቸውን ወዳጆቼንና ሰዓት ሠሪዎችን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ከነዚህ ሰዎች የሰማሁትንና በኋላ በዓይኔ ያየሁትን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው፤ ማንም እንደ እኔ ከጥፋት በኋላ እንዳይማረው ነው።

መልካም ባለ እጅ መጀመሪያ የሚታወቀው በእጁ ሳይሆን በጥያቄው ነው። ካሜራውን ሲቀበል አስቀድሞ «ፊልም አለበትን?» ይላል። ይህን ያልጠየቀ ሰው፣ ካቻቢቴው ወርቅ ቢሆን፣ መኪናው አይሰጠውም። ቀጥሎም መቼ ተበላሸ፣ ወድቆ ነበርን፣ ውሃ ነክቶት ያውቃልን፣ ከዚህ በፊት ማን ከፍቶታል ብሎ ይጠይቃል። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል፤ ሌላ ሰው በኃይል የከፈተውን መኪና መሥራት ካልተነካው ይልቅ ይከብዳልና። ባለቤቱም ብሎኖቹን ራሱ ቢመለከት ይበጀዋል። የብሎኑ አናት የተፋቀና የተላጠ እንደ ሆነ፣ አንድ ሰው በማይስማማ ካቻቢቴ ታግሎበታል ማለት ነው። በሱቁ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ሌላ ካሜራ ካለ የዚያንም ብሎን ማየት ነው፤ የሠሪው ጠባይ በዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሁለተኛው ምልክት፣ ከመክፈቱ በፊት መኪናውን በጆሮውና በዓይኑ መመርመሩ ነው። መዝጊያውን፣ ባለሙያዎቹ ሻተር የሚሉትን፣ በየፍጥነቱ እያስነሣ ያዳምጠዋል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጡን ይመለከታል፤ እንደ ሸረሪት ድር የተሠራ ነገር ካየ ሻጋታ ነው። የሻተሩን ጨርቅ በብርሃን ይፈትናል፤ ምክንያቱም እንደ ላይካና እንደ ዞርኪ ባሉት መስተዋት በሌላቸው መኪናዎች፣ ሌንሱ ሳይከደን ወደ ፀሐይ ዞሮ ከተቀመጠ፣ እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ጨርቁን ይበሳዋል። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብትሆን በያንዳንዱ ሥዕል ላይ ነጭ ነጥብ ትጥላለች። በዞርኪና በፌድ ደግሞ ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ፤ የሻተሩ ፍጥነት የሚለወጠው ፊልሙ ከተጠቀለለ በኋላ ብቻ ነው። ሳይጠቀልል ፍጥነቱን ለማዞር የሚታገል ሠራተኛ ካያችሁ፣ ይህን ዓይነት መኪና እንደማያውቀው ተረዱና በትሕትና ተቀብላችሁ ሂዱ።

ስለ ዘይት ጥቂት ልጨምር። የቆየ መኪና የሚተሳሰረው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው የቀባው ቅባት በዘመን ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ነው። ክፉ ሠራተኛ ከልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብ ያደርግበታል፤ መኪናው በዚያው ሰዓት እንደ አዲስ ይሠራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዘይቱ ወደ ሌንሱና ወደ ሻተሩ ተስፋፍቶ፣ አቧራውንም ሰብስቦ፣ ከቀድሞው የባሰ ያደርገዋል። ትክክለኛው ሥራ ፈትቶ አሮጌውን ቅባት ማጠብና በሚገባው ቦታ ብቻ እጅግ ጥቂት መቀባት ነው። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ «ነገ ና» የሚለውን ሳይሆን «ከሦስት ሳምንት በኋላ ና» የሚለውን አትሽሹ።

«አላውቀውም» የሚል ባለ እጅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ይህን የምለው ለምሳሌ ስለ ባትሪ ነው። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሜራዎች ብዙዎቹ የብርሃን መለኪያቸው በሜርኩሪ ባትሪ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የባትሪው ኃይል 1.35 ቮልት ነበረ። ሜርኩሪ ለጤና ጎጂ ስለ ሆነ ያ ባትሪ መሠራቱ ቀርቷል፤ በልኩ የሚገኘው የዛሬው ባትሪ 1.5 ቮልት ስለ ሆነ መለኪያው ይሳሳታል። ይህን የማይነግራችሁ ሰው ወይ አያውቀውም ወይ ባትሪውን ሊሸጥላችሁ ይፈልጋል። የኛ ዜኒት ባትሪ የለውም፤ መለኪያው ከሌንሱ በላይ ባለው ሴሌንየም በተባለው ነገር በብርሃን ብቻ ይሠራል፤ ነገር ግን ሴሌንየሙም ሲያረጅ ይደክማል፤ ከደከመም በኋላ የሚመልሰው የለም።

የመንግሥት ሥራ የለመዱ አንባቢዎቻችን ስለ ወረቀት ምክር አያሻቸውም ይሆናል፤ ሆኖም በመሥሪያ ቤቱ ያለ ማኅተም አንድ ደብዳቤ የማይቀበል ሰው ካሜራውን ያለ አንድ ቃል ጽሑፍ ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ። በካሜራው አካል ላይ አንድ ቁጥር፣ በሌንሱ ፊት ዙሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ሁለቱም በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሌንሱ በሌላ ቢለወጥ በምን ይታወቃል? በሶቪየት ካሜራዎች ብዙ ጊዜ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎች መኪናው የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ የኛው በ77 ይጀምራልና በ1977 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ከዚህ ሌላ ዋጋው ከሥራው በፊት ይነገር፤ ከተነገረው በላይ የሚያስወጣ ነገር ከተገኘ ሳይጠይቅ እንዳይሠራ ይጻፍ፤ የተለወጠው አሮጌ ክፍልም ለባለቤቱ ይመለስ። ታማኝ ሰው ይህን ሲሰማ አይቆጣም። የሚቆጣውን ተዉት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከጠየቅኋቸው ሰዓት ሠሪዎች አንዱ፣ በዚያው በልደታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ ክፍል ወደሚሠራ አንድ ሽማግሌ መራኝ። እኒህ ሰው በ1934 ዓ.ም. በተከፈተው በተግባረ እድ ትምህርት ቤት በልጅነታቸው ሙያ ተምረው፣ በመጀመሪያ ራዲዮ፣ ከዚያም ሰዓት፣ በኋላም ካሜራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በመስኮታቸው ላይ ምንም ነገር የለም። ጠረጴዛቸው ላይ ግን ብሎኖች በተነሡበት ቅደም ተከተል በትንንሽ የቆርቆሮ ክዳኖች ውስጥ ተቀምጠው፣ ያንዳንዱም ቦታ በወረቀት ላይ ተሥሎ አየሁ። ገና ከማኅደሩ ሳላወጣው «ልጄ፣ ፊልም አለበት?» አሉኝ።

አለበት ብዬ፣ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳቸው። ያኛውን ሠራተኛ አልነቀፉም፤ «ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ቆየ?» ብቻ አሉኝ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሆናል አልኳቸው። ከዚያም በወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሣሉ አስረዱኝ። የተነሣው ፊልም በመጠቅለያው ላይ ድርብርብ ሆኖ ይጠቀለላል፤ መጀመሪያ የተነሣው ከሥር፣ መጨረሻ የተነሣው ከላይ ነው። ብርሃን ሲገባ የላይኛውን ድርብ ያቃጥላል፤ የሥሩን ግን የላዩ ይከልለዋል። «ስለዚህ አባትህ መጨረሻ ያነሣው ሄዷል ብለህ ቁረጥ። መጀመሪያ ያነሣው ሊተርፍ ይችላል። ቃል አልገባልህም» አሉኝ።

መጨረሻ ያነሣው ልደታው ነበር።

የፊልሙንም ዓይነት ጠየቁኝ፤ በአባቴ ደብተር ላይ ተጽፎ ስለ ነበር መመለስ ቻልኩ። ባለ ቀለም ኔጋቲቭ ነው። ኮዳክሮም የተባለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን ነገሩኝ፤ የዚያን ቀለም የሚያወጣው መድኃኒት በዓለም ላይ የመጨረሻ የነበረው ማጠቢያ ቤት በአሜሪካ በካንሳስ ነበረ፤ እርሱም በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፊልሙን መቀበል አቁሟል። የኛው ግን ከ20 ዓመት በላይ ስለ ቆየ ቀለሙ የሚታመን ባይሆንም፣ በጥቁርና ነጭ መድኃኒት ቢታጠብ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ሊወጣ እንደሚችል ገለጡልኝ። «ቀለሙን ትተህ ፊቱን ትወስዳለህ» አሉኝ። ደረሰኙን በእጃቸው ጽፈው ሁለቱን ቁጥሮች አሰፈሩበት፤ «ፊልም በውስጡ አለ፤ በከፊል ብርሃን አግኝቶታል፤ ይህም ከመድረሱ በፊት ነው» ብለውም ጨመሩበት። ይህን ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ ሳይ ልቤ ዐረፈ። ራሳቸውን መጠበቃቸው ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ራሱን በእውነት የሚጠብቅ ሰው የሌላውንም ዕቃ ይጠብቃል።

ፊልሙን ያወጡት በእኔ ፊት ነው። ክንድ የሚያስገባ ሁለት እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት አላቸው፤ ካሜራውን በዚያ ውስጥ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ብቻ ሠሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። እጀታው የተያዘውም አንዲት ትንሽ ብሎን ከቦታዋ ወልቃ በጥርሶቹ መካከል ስለ ገባች እንደ ሆነ በኋላ አሳዩኝ፤ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ናት። ሃያ ከምናምን ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ከነሰዎቹ ዘግታ የኖረችው እርሷ ናት።

ያን ቀን ማታ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፤ የመጀመሪያውንም ሱቅ፣ የሥዕሉንም መቃጠል። ዝም ብላ ሰማችና ደብተሩን አምጣልኝ አለች። ከ14 እስከ 22 ያለውን አንድ ባንድ አስነበበችኝ። በያንዳንዱ ቁጥር ማን የት ተቀምጦ እንደ ነበር፣ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ ማን ከማን ተኳርፎ ማን እንዳስታረቀ ትነግረኝ ጀመር። እኔም በትይዩው ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ቁጥር 20 ብቻውን ሁለት ገጽ ፈጀ።

ካሜራው የተመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ፤ የተሠራ ካሜራ በሱቁ ውስጥ መጮኹ ብቻ አይበቃም። አንድ ፊልም ተነሥቶበት ሳይታይ ሥራው ተጠናቋል አይባልም፤ መልካም ባለ እጅም ይህን ራሱ ያሳስባል። በፊልሙ ላይ የቀረበ ነገርና የራቀ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። እኔ ከእናቴ ሰገነት ሆኜ የእንጦጦን ተራራ አነሣሁ፤ ምክንያቱም ሌንሱ ሲፈታ ጥርሱ የሚለያይበት ቦታ ምልክት ካልተደረገበት፣ ሲመለስ በሌላ ጥርስ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቅርቡ ጥሩ ሆኖ የሩቁ ይደበዝዛል። ፍጥነቶቹንም አንድ ባንድ መሞከር ነው። ዘመናዊው ስልክ ነገርን አዘግይቶ የሚያሳይ ቪዲዮ ስለሚያነሣ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ የሻተሩን ሩጫ በዚያ ማየት ይቻላል። ይህን ብልሃት ሽማግሌው ከልጅ ልጃቸው እንደ ተማሩት ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ስለ አቀማመጡም አንድ ነገር መከሩኝ። የቆዳ ማኅደር ያማረ ቢሆንም እርጥበት ይይዛል፤ በክረምት ወራት ሻጋታው የሚነሣው ከርሱ ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ለብቻ፣ ካሜራው ለብቻ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ። ከረጅም ጊዜ በፊትም ሻተሩን አስነሥቶ ሞላውን ማላላት ነው እንጂ እንደ ተጠመደ ማስቀመጥ አይገባም።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ሆነ። ከ22ቱ 11ዱ በጉልህ ወጡ። ከ12 ጀምሮ ጥቁረቱ እየበዛ ይሄዳል፤ ከ15 በኋላ ምንም የለም። ከወጡት ውስጥ የቀድሞው ግቢያችን የቆርቆሮ አጥር፣ የታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ልብስና፣ አባቴ ለምን እንዳነሣው ያልጻፈው አንድ ባዶ ወንበር ይገኛሉ። ከልደታው ቀን የተረፈው ቁጥር 14 ብቻ ነው፤ እርሱም ግማሹ ነው። በስተቀኝ በኩል ብርሃኑ በልቶታል፤ በስተግራ ግን አንዲት ሴት ከብረት ድስቱ አጠገብ ጎንበስ ብላ ንፍሮውን ስታማስል ትታያለች። ፊቷ አይታይም። እናቴ በነጠላዋ አስተጣጠፍ ዐወቀቻት፤ በግንብ አጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤታችን ነበረች፤ ከዚህ ዓለም ከተለየች 9 ዓመት ሆኗታል። ልጅዋ ዛሬ በከተማው ዳር ትኖራለች። «ሁለት አሳትም፤ አንዱ የልጅዋ ነው» አለችኝ እናቴ። አደረስኩላት። ልጅዋ የእናትዋ ሌላ ሥዕል እንደሌላት የነገረችኝ ሥዕሉን ከተቀበለች በኋላ ነው።

ሽማግሌው ሂሳባቸውን የተቀበሉት አስቀድመው በጻፉት ልክ ነው። የወለቀችውንም ብሎን በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ በቦታዋ አዲስ ገብቷልና። የብርሃን መለኪያው እንደማይመለስ፣ 500 በተባለው ፍጥነት ደግሞ የሻተሩ ጨርቅ ስላረጀ የሥዕሉ አንዱ ጎን ሊጨልም እንደሚችል ነገሩኝ፤ «ጨርቁን ለመለወጥ እጄ እንደ ድሮው አይታመንም፤ በ250 ብቻ ተጠቀም» አሉኝ። ለመጪው ግንቦት 1 ቀን ፊልም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በ250 ነው የማነሣው።